ሙለርን ለመክሰስ የሽራደርን ኃጢአት መበደር ለምን አስፈለገ?

ሰሞኑን ስለ ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ስለ ፖል ሙለር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ እጅ ሲዞር ከርሟል። ሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ልከውልኛል። አንደኛው "የሳይንቲስቶችህን ጉድ አንብብ" የምትል ማስታወሻ ጨምሮበታል። ለዓመታት ኬሚስትሪ ስላስተማርኩ ይመስለኛል፣ የኬሚስት ስም በጠፋ ቁጥር ዱላው ወደ እኔ ይዞራል።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉ ያስቀናል። ጸሐፊው የተቆረቆሩበት ነገርም ከባድ ነው፤ ዲዲቲ የሚባለው ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል በአዕዋፍና በዓሣ ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚክድ ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሟገተዋለሁ። ችግሬ ሌላ ነው። በሙለር ላይ ሊነሳ የሚገባው እውነተኛ ጥያቄ አለ፤ ጽሑፉ ግን በማይያዙ ክሶች ሸፍኖት አልፏል።

ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ዲዲቲን የሠራው ሙለር ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ ኬሚስት ነው፤ ሙለር የሰው ሥራ ወስዶ ኖቤል ተሸለመበት። ነፍሳት እንደሚገድል ያወቀውም እንዲያው በዕድል ነው። ምርምሩ የተወለደው ለጦርነት ነው፤ ከናዚዎቹ የነርቭ ጋዝ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ዲዲቲ የጣሊያኗን የኔፕልስ ከተማ ሕዝብ ከወረርሽኝ አዳነ የሚባለው የጦር ሠራዊት ወሬ ነው። ሙለር ጉዳቱን እያወቀ ዝም አለ። በመጨረሻም ዓለም በ1972 ጠቅልሎ አገደው፤ ስለዚህ ሽልማቱ ይነጠቅ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

በስርቆቱ ልጀምር። ኦትማር ዛይድለር የሚባል ኦስትሪያዊ ወጣት ዲዲቲን ሠርቶ በ1874 አሳትሟል። ይህ ሐቅ ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ዛይድለር ያኔ ስትራስቡርግ ውስጥ በታዋቂው ኬሚስት በአዶልፍ ፎን ባየር ሥር የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ክሎራልንና ክሎሮቤንዚንን በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት አገናኘ። አዲስ ውህድ አገኘ፣ ባሕርዩን መዘገበ፣ ጻፈ፣ አበቃ። በዚያ ዘመን ብዙ የኬሚስትሪ ተመራቂ የሚያደርገው ይኸንኑ ነበር። ዝንብ ላይ የነሰነሰው የለም። ቅማል ላይም ሆነ ብል ላይ የሞከረው የለም። ዛይድለር ኋላ ቪየና ውስጥ የመድኃኒት ቀማሚ ሆኖ ኖረ፤ በ1911 አረፈ። ውህዱ ግን በመጽሔት ገጽ ላይ እንደተኛ 65 ዓመት ሞላው።

አሁን የሽልማቱን ቃል እንመልከት። ሙለር በ1948 የተሸለመው የኬሚስትሪ ሳይሆን የሕክምና ኖቤል ነው። ምክንያቱ "ዲዲቲን በመሥራቱ" አይልም። ዲዲቲ በርካታ አርትሮፖዶችን (ነፍሳትንና መሰሎቻቸውን) በንክኪ ብቻ የሚገድል ኃይለኛ መርዝ መሆኑን በማግኘቱ ነው የሚለው። ዛይድለር ያላወቀው፣ ያልፈለገውም ነገር ይህ ነው። በዚያ ላይ ሙለር በኖቤል ንግግሩ ውስጥ ውህዱን ቀደም ብሎ የሠራው ዛይድለር መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። የሰረቀውን ዕቃ ይዞ ስቶክሆልም መድረክ ላይ ወጥቶ የባለቤቱን ስም የሚጠራ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ደግሞ ይህ የሙለር ብቻ ታሪክ አይደለም። ሰልፋኒላማይድን ቪየና ውስጥ ፖል ጌልሞ በ1908 ሠርቶታል። ያ ውህድ ባክቴሪያ እንደሚያሸንፍ የታወቀው ግን በ1930ዎቹ ነው፤ ጌርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል በተባለው ማቅለሚያ ላይ ከሠራው ሥራ በኋላ፣ የፓሪስ ተመራማሪዎች ደግሞ የማቅለሚያው ፈዋሽ ክፍል ያው የጌልሞ ውህድ መሆኑን ሲያሳዩ። ዶማክ የ1939ን ኖቤል ሲያገኝ "ጌልሞ ተሰረቀ" ያለ የለም። በመድኃኒትና በፀረ-ተባይ ዓለም ውህድ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ሌላ።

ወደ ዕድሉ እንሂድ። እዚህ ላይ የሰውዬውን ሕይወት በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ በሁለት መስመር ነው የዘለለው።

ሙለር በጥር 1899 ኦልተን በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ልጁ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። በ1916 ትምህርቱን አቋርጦ የፋብሪካ ቤተ ሙከራ ረዳት ሆነ። ብልቃጥ ማጠብ፣ መመዘን፣ መቀላቀል የለመደው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰና ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቀጭንና ገርጣ ያለ ስለነበር ተማሪዎች "መንፈስ" ይሉት ነበር አሉ። በ1925 ዶክትሬቱን በከፍተኛ ማዕረግ አገኘና በዚያው ዓመት ጋይጊ በሚባለው የባዝል የማቅለሚያ ኩባንያ ተቀጠረ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልወጣም።

መጀመሪያ የተመደበው በማቅለሚያና በቆዳ ማልፊያ ላይ ነው። ወደ ነፍሳት የዞረው ወደ 1935 ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ገበሬው እጅ ላይ የነበረውን ስናይ ለምን እንደዞረ ይገባናል። የአርሴኒክ ውህዶች ነበሩ፤ እነሱ ተባዩንም ሰውንም አይለዩም። ኒኮቲን ነበር፤ እሱም ለሰው አደገኛ ነው። ከአበባ የሚወጣው ፓይሬትረም ነበር፤ ለሰው ይሻላል፣ ግን ፀሐይ ሲመታው ኃይሉ ያልቃል። ኩባንያው ራሱ ሱፍን ከብል የሚጠብቅ መድኃኒት ነበረው፤ ያ ደግሞ ብሉ ካልበላው አይሠራም። ሙለር የፈለገው ነፍሳቱ ሳይበሉት፣ እግራቸው ስለነካው ብቻ የሚገድል ነገር ነበር።

ከዚያ መለኪያ አወጣ፤ ሰባት ነጥብ ያለው። ነፍሳትን በኃይል ይግደል። ቶሎ ይሥራ። ለአጥቢ እንስሳትና ለተክል ጉዳቱ ትንሽ ይሁን፣ ወይም አይኑር። አያሳክክ፣ አይሽተት። በተቻለ መጠን ብዙ ዓይነት ነፍሳትን ያዳርስ። ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ይቆይ። ርካሽ ይሁን። ይህችን ዝርዝር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አራት ዓመት ሞከረ። በታሪኩ ላይ እንደሚነገረው 349 ውህዶች ሳይሳኩ ቀርተዋል። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ዝንብ ያስገባል፣ ይረጫል፣ ይጠብቃል፣ ይጽፋል። ያኔ የአንድን ውህድ ቅርጽ አይቶ ነፍሳት ይገድላል አይገድልም ብሎ መተንበይ የሚያስችል ንድፈ ሐሳብ ስላልነበረ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ግን በጨለማ አልተወረወረም። በ1934 የታተመ አንድ የምርምር ጽሑፍ ላይ ያገኘውን ተቀራራቢ ውህድ ይዞ፣ ክሎሪኖቹን ወዴት ቢያዞራቸው ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እየፈተሸ ነው በመስከረም 1939 ዲዲቲ ላይ የደረሰው።

እና እዚህ ጋ ዕድል ረድቶታል፤ ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ዲዲቲ ቶሎ አይገድልም። ቸኩሎ ሣጥኑን ያጠበ ሰው "ፉርሽ ነው" ብሎ ይጥለው ነበር። ሙለር ጠበቀ። ሣጥኑን ካጠበው በኋላም እንኳ አዲስ የገቡ ዝንቦች ግድግዳውን እየነኩ መውደቃቸውን አየ። ሣጥኑ ተፈታትቶ፣ በደንብ ታጥቦ፣ አንድ ወር ያህል ደጅ አየር ላይ ካልዋለ በስተቀር ለሌላ ሙከራ የማይሆን ሆነ። ይህን ዕድል ካልነው፣ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዕድል ነው።

ሦስተኛው ክስ በጣም ያናደደኝ ነው። ጽሑፉ "ፀረ-ተባይ ሲፈልግ የነርቭ ጋዝ ያገኘው ሰው" ይለዋል። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ ነበር። ስሙ ግን ሙለር አይደለም። ጌርሃርድ ሽራደር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሽራደር በአይጂ ፋርበን ኩባንያ ውስጥ ፀረ-ተባይ ሲፈልግ በታኅሣሥ 1936 ታቡንን አገኘ፤ በ1938 ደግሞ ሳሪንን። የእሱና የባልደረቦቹ ግኝት ለጀርመን ጦር ተላልፏል። በጦርነቱ መጨረሻ ላይም ፓራቲዮን የሚባለውን የእርሻ ፀረ-ተባይ ሠርቷል። ሁለቱም ኬሚስቶች ናቸው፣ ሁለቱም ጀርመንኛ ተናጋሪ ናቸው፣ ሁለቱም በ1930ዎቹ ነፍሳት የሚገድል ነገር ፈልገዋል። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል።

ኬሚስትሪውም ቢሆን ዝምድና የለውም። የሽራደር ውህዶች ፎስፈረስ ተሸካሚ ናቸው። አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚሰብረውን ኢንዛይም ያሽመደምዳሉ። ያ ኢንዛይም በዝንብም በእኛም ውስጥ ስላለ ሰውንም በደቂቃዎች ይገድላሉ። ዲዲቲ ክሎሪን ያለበት ውህድ ነው። ነርቭ ሶዲየም የሚያስገባበት በር እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ነርቩ ያለማቋረጥ ይተኩሳል፣ ነፍሳቱ ተንቀጥቅጦ ይሞታል። ደረቁ ዱቄት በነፍሳት ቆዳ ቶሎ ሲያልፍ በሰው ቆዳ ግን በቀላሉ አያልፍም። ዘይት ውስጥ ሲሟሟ ነገሩ ይለወጣል፤ ሆኖም ሳሪንን እንደ ዲዲቲ ዱቄት ሰው ልብስ ውስጥ የሚነሰንስ የለም።

ጦርነት አልነካውም ግን አልልም። ጋይጊ የገለልተኛ አገር ኩባንያ እንደመሆኑ ግኝቱን ለሁለቱም ወገን አቅርቧል፤ ለጀርመንም፣ ለእንግሊዝና ለአሜሪካም። ይህን "ሰብዓዊነት" የሚሉ አሉ፣ "ንግድ" የሚሉም አሉ። እኔ ንግድ ነው ባይ ነኝ። ግን ምርምሩ የተጀመረው ጦርነቱ ከመፈንዳቱ አራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ያገለገለውም ስዊዘርላንድ ውስጥ የድንች ጥንዚዛን ለመከላከል ነው። ጥንዚዛ ማንን ወግቶ ያውቃል?

ስለ ኔፕልስ ብዙ አልልም። በ1943 መጨረሻ ከተማዋ ፈራርሳ፣ ሕዝቡ ዋሻ ውስጥ ታጉሮ፣ ቅማል የሚያስተላልፈው ታይፈስ ገብቶ ነበር። የዘመቻው ሠራተኞች በ1944 መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ልብስ ውስጥ በእጅ መንፊያ ዱቄት ነሰነሱ። ወረርሽኙ በዚያው ክረምት ተገታ። ጸሐፊው ትክክል የሆኑት በአንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው የተነሰነሰው ዲዲቲ ሳይሆን ፓይሬትረም ያለበት ሌላ ዱቄት ነበር። ዲዲቲው ኋላ ነው የደረሰው። ስለዚህ "ኔፕልስን ዲዲቲ ብቻውን አዳናት" የሚለው የተጋነነ ነው። ከዚህ ተነስቶ "ወሬ ነው" ማለት ግን ሌላ ማጋነን ነው።

በነገራችን ላይ ጽሑፉ "ሐኪም ላልሆነ ሰው የሕክምና ኖቤል ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው፤ ይህም ፖለቲካ መሆኑን ያሳያል" ይላል። ይህን ስህተት የሙለር አድናቂዎችም ይደጋግሙታል፤ እነሱ እንደ ክብር፣ ጸሐፊው እንደ ነውር። በ1933 የተሸለመው ቶማስ ሀንት ሞርጋን የዝንብ ዘረመል ያጠና ባዮሎጂስት ነበር። በ1935 የተሸለመው ሃንስ ሽፔማን የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። ሁለቱም ሐኪም አልነበሩም።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ። "እያወቀ ዝም አለ።"

አንድ ሰው ያውቅ ነበር ለማለት የጻፈው ደብዳቤ፣ የተናገረው ቃል፣ የደበቀው ሰነድ መቅረብ አለበት። ጽሑፉ አንዱንም አላቀረበም። ያቀረበው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ እሱም ተዘበራርቋል። የአዳኝ ወፎች እንቁላል ቅርፊት መሳሳቱን እንግሊዛዊው ዴሪክ ራትክሊፍ ያሳተመው በ1967 ነው። ሙለር የሞተው በጥቅምት 1965 ነው። ሙት ሰው ያላነበበውን እንዴት ይደብቃል?

ግን እዚህ ላይ ቆሜ "ስለዚህ ንጹሕ ነው" ብል እኔም አጭበርባሪ ነኝ። ማስጠንቀቂያ ቀድሞም ነበር። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዊግልስዎርዝ ገና በ1945 ዲዲቲ የተፈጥሮን ሚዛን ሊያናጋ እንደሚችል ጽፏል። በዚያው ዓመት ሬቸል ካርሰን በአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሆና ስለ ዲዲቲ ሙከራዎች ልጻፍ ብላ ለአንድ ትልቅ መጽሔት አመልክታ ነበር፤ አልተቀበሏትም። ስዊድንና ጣሊያን ውስጥ በ1946 እና በ1947 ዲዲቲን የሚቋቋሙ የቤት ዝንቦች ታይተዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ጆርጅ ዋላስ የሚባል የአዕዋፍ ተመራማሪ ወፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሞተው ሲያገኝ መንገዱን ተከተለው። ኤልም የሚባሉት ዛፎች ዲዲቲ ተረጭተዋል። ቅጠሉ ረገፈ። የምድር ትል ቅጠሉን በላ። ወፉ ትሉን በላ።

እና ያቺን ሰባት ነጥብ ዝርዝር አንባቢ እንዲይዝልኝ የለመንኩት ለዚህ ነው። "ብዙ ዓይነት ነፍሳትን ያዳርስ።" "ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ይቆይ።" ሚሺጋን ላይ የሆነው እነዚህ ሁለት ነጥቦች በትክክል መሥራታቸው ነው። ዲዲቲ ንብንና ጥንዚዛን አልለየም፤ አይለይ ተብሎ ነው የተመረጠው። ውሃ አላጠበውም፤ እንዳያጥበው ተብሎ ነው የተፈለገው። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ከትሉ ወደ ወፉ፣ ከዓሣው ወደ ንስሩ እየተከማቸ ሄደ። ያቺ ታጥባ ያልጠራች የዝንብ ሣጥን ያኔውኑ ነግራው ነበር። ሙለር የሰማው "ይህ ነገር ጠንካራ ነው" የሚለውን ነው። "ከሣጥኑ ሲወጣስ የት ይሄዳል?" የሚለውን ጥያቄ አልጠየቀም። በጊዜው የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ እሱ ከእነሱ አንዱ አልነበረም።

እኔ ብሆን የምከሰው በዚህ ነው። ስርቆት የለበትም፣ ናዚ የለበትም፣ ደባ የለበትም። የአንድ ጎበዝ ሰው ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ጎድሏል። ይህን ስል ደግሞ ደኑንና ረግረጉን በአውሮፕላን ይረጭ ብሎ ያዘዘው ሙለር እንዳልሆነ አልረሳም። እሱ የኩባንያ ተመራማሪ ነበር። ዕረፍቱን ተራራ ላይ አበባ እየፈለገ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። በ1961 ጡረታ ወጥቶ ኦበርቪል ባለው ቤቱ በሠራት ትንሽ ቤተ ሙከራ ምርምሩን ቀጠለ። ካርሰን ስለ ፀረ-ተባይ ጉዳት የጻፈችውን ዝነኛ መጽሐፏን ያሳተመችው በዓመቱ ነው።

የመጨረሻው "ዓለም በ1972 ጠቅልሎ አገደው" የሚለው ነው። በ1972 ያገደው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። እሱም በዋናነት ያገደው በአገር ውስጥ እርሻ ላይ ነው፤ ለኅብረተሰብ ጤና የሚውለውንና ወደ ውጭ የሚላከውን አልከለከለም። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ገደበ እንጂ ጨርሶ አልዘጋውም። በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል በር ተወለት። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ መከላከያ በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ እንዲረጭ በድጋሚ ደግፎታል። ግድግዳ ላይ ስስ አድርጎ መርጨትና ጥጥ ማሳ ላይ በቶን መድፋት ለየቅል ናቸው።

ከጸሐፊው በተቃራኒ ቆመው "እገዳው ሚሊዮኖችን ገደለ" የሚሉም አሉ፤ እነሱንም በዚሁ ላንሳቸው። ስሪላንካ በ1963 የወባ ሕሙማን ቁጥሯን ወደ 17 አውርዳ ነበር። ከዚያ ርጭቱን አቆመች። በ1968 እና 1969 ወባው ተመልሶ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። ያቆመችው በሽታው ያለቀ ስለመሰላት እንጂ በእገዳ አይደለም፤ አሜሪካ እስክታግድ ገና ዓመታት ይቀሩ ነበር። እንደገና ስትጀምርም ትንኟ ዲዲቲውን ለምዳው ነበር። ዲዲቲን ከወባ ዘመቻ ያስወጣው ከሕጉ ይልቅ ትንኟ ናት ማለት ይቻላል።

ሽልማቱ ይነጠቅ የሚለውን በተመለከተ፣ የኖቤል ደንብ አንዴ በተሰጠ ሽልማት ላይ ይግባኝ አይቀበልም። ስለዚህ ጸሐፊውን የምለምነው በእጃቸው ያለውን ነው። ጽሑፉ አሁንም እየተነበበ ነው። ስለ ናዚ ጋዝ የሚያወራውን አንቀጽ ከሙለር ስም ሥር ያንሱልን። ቦታው ላይ ስለ ዝንቡ ሣጥን ይጻፉበት።